የማያቃጥል ጠብታ

«ውሃ ነው!» አለ አባቴ ምላሱን ከላንቃው አጣብቆ እያላቀቀ። «ጥርት ያለ ውሃ! ባለመድኃኒት ቤቱ ቧንቧ ከፍቶ ነው የሞላልሽ።»

«አባዬ፣ የዓይን መድኃኒት በምላስ አይመረመርም!»

«በምን ይመረመራል ታዲያ? በሚዛን?»

«በዓይን! ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው!»

«ዓይኔ ውስጥማ ሰሞኑን ስታስገቢው አልነበር? ምን ተሰማኝ? ምንም! ፊቴን ስታጠብ የሚሰማኝን ያህል እንኳ አልተሰማኝም።»

ባንኮኒው ላይ የመድኃኒቱ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ አንገታቸው የተጠመዘዘ ሦስት የፕላስቲክ ብልቃጦች ተጋድመዋል። አንዷ ብልቃጥ ከትንሿ ጣቴ ጫፍ አትበልጥም፤ የአንድ ምሽት መድኃኒት ናት። አንዴ ከተከፈተች ደግሞ ለነገ አትቀመጥም። ሦስት ምሽት እንዲህ በከንቱ ተጋድሞ ሳየው ከእንግዲህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መናገር አልቻልኩም።

ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሳጥኑን በኮቱ ኪስ ይዞት ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ላይ ሳጣው ወዴት እንደሄደ ወዲያው ገባኝ፤ አብነት ሰፈር ካለው ቤታችን እስከ በርበሬ ተራ በሩጫ ነው የመጣሁት። ስደርስ በምላሱ መርምሮ ጨርሷል።

«ምን ሆናችሁ ነው? ጩኸታችሁ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ ይሰማል እኮ» እያሉ የፊት ለፊቱ ነጋዴ ገቡ። እሳቸውም በርበሬ ነው የሚሸጡት። ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ያህል ፊት ለፊት ተቀምጠው ደንበኛ ሲነጣጠቁ ኖረዋል፤ ምሳቸውን ግን ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት።

«መጣህልኝ» አለ አባቴ። «መድኃኒት ነው ብለው ውሃ ሸጡላት። እስቲ አንተ ፍረድ።»

«ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይቀምሱ!» አልኩ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር። አባቴ ከሦስተኛዋ ብልቃጥ የቀረውን ጠብ አደረገላቸው። ላሱት። ከዚያ ዛላ በርበሬ ሲቀምሱ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ከደን አድርገው ጠበቁ። አባቴም ትንፋሹን ይዞ ጠበቃቸው። እኔ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።

«ጨው ጨው ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ማቃጠል ግን… የለውም።»

«አላልኩሽም?» አለ አባቴ።

እዚህ ተራ ውስጥ ሰው በርበሬን በዓይኑ ያያል፣ በምላሱ ያምናል። አባቴ ዛላውን ሰብሮ የምላሱን ጫፍ ያስነካና ዝም ይላል። ማቃጠሉ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ከሄደ አሮጌ ነው። ዘግየት ብሎ መጥቶ ጉሮሮ ላይ ከተቀመጠ ደህና ነው። ጨርሶ ካልመጣ ወይ ዝናብ መቶታል፣ ወይ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል። በዚህ ምላሱ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም፤ እኔን መከራ ያሳየኝም ይኸው ነው። በአንድ ነገር ተሳስቶ የማያውቅ ሰው በሌላውም የሚሳሳት አይመስለውም።

የዓይኑ ነገር የተጀመረው ከተሸካሚዎች ጋር በተነሳ ጠብ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ አባቴ ከተሸካሚ ጋር ሳይጣላ የሚገባበት ማታ ጠፋ። ጆንያ የተሸከመ ሰው ቆሞ አሳልፉኝ አይልም፤ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይመጣል፣ ያልተጠጋለትን ገፍቶ ያልፋል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ግፊያ መሃል ሲመላለስ ተገጭቶ አያውቅም ነበር። ድንገት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይገጭ ጀመር። አንዴ ትከሻው አብጦ መጣ፤ ሌላ ጊዜ ኮፍያው ጭቃ ውስጥ ወድቆ ቀረ። «የዛሬ ተሸካሚ አፍ የለውም» ይላል። «ዝም ብሎ ይመጣብሃል!»

እኔም አመንኩት። እንዲያውም ስለ ተሸካሚዎች ግጥም ጻፍኩ፤ ድምፃቸውን ስለተነጠቁ ሰዎች። ደህና ግጥም ይመስለኝ ነበር። በኋላ አንድ ቀን አብሬው ስሄድ ነው ያስተዋልኩት፤ ተሸካሚዎቹ እንደ ድሮው ይጮኻሉ። ጩኸት በየአቅጣጫው በሆነበት ሰፈር ሰው የሚሸሸው ሰምቶ ሳይሆን አይቶ ነው። የሚገጩት ደግሞ ሁልጊዜ በግራው በኩል ነበር። ግጥሙን ቀደድኩት።

ሆስፒታል የመረመረችው ሐኪም ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ ይባላል አለች። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ይጎዳዋል፤ እይታ ከዳር እየተበላ ወደ መሃል ይመጣል፤ ስለማያምም ሰውየው ሳያውቀው በሽታው ብዙ ርቀት ይሄዳል። የአባቴ ግራ ዓይን ከሞላ ጎደል ሄዷል። የቀኙ መሃሉ ቀርቷል። «የጠፋውን አንመልሰውም» አለች። «ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው።»

አባቴ ከዚህ ሁሉ ይዞ የወጣው አንድ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥን «የማያድን መድኃኒት አዘዘችልኝ» አለ። ቀጥሎም የግራ ዓይኑን ነገር ለበርበሬ ተራ ሰው ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። ከገጠር በርበሬ የሚያመጡት ሰዎች አንድ ዓይኔ እንደማያይ ካወቁ እርጥቡን ዛላ በዚያ በኩል ያሳልፉብኛል ብሎ ነው። ማልኩለት።

የመጀመሪያው ጠብታ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ነበር፣ በትንሽ ጠርሙስ። አባቴ ወደደው። ያቃጥላላ! «እንዲህ ነው መድኃኒት» ይል ነበር እንባው በጉንጩ እየወረደ። እንዴት እንደሚያደርገው ላስረዳ። ሱቅ ከፍቶ፣ ጆንያ ፈትቶ፣ ዛላ ለይቶ ሲያበቃ ጠርሙሱን ያወጣል። በዚያው ጣቱ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ይጎትታል። አንድ ጠብታ ታዞለት ሦስት ያደርጋል፤ ለደንበኛ ከሚዛን በላይ እፍኝ መመረቅ የለመደ እጅ ለራሱም ይመርቃል። ከዚያ ዓይኑ ውስጥ ትንኝ እንደገባበት ሰው ደጋግሞ ያርገበግባል። በኪሱ መሐረብ ይጠርጋል። በመጨረሻ ምራቁን ውጦ ይጠብቃል፣ ጉሮሮው መረር ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። «ገባ!»

የወር የተባለው ጠርሙስ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

አንድ ሁለት ሳምንት ካየሁ በኋላ ጠርሙሱን ዓይኑ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነገር ባገኝ ብዬ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ከአሮጌ ፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራ ሰው አገኘሁ። የውሃ ጠርሙስ አንገት ቆርጦ ጠርዙን በእሳት እንዲያለሰልስልኝ ጠየቅሁት።

«ዘይት ልትቀጂበት ነው ናፍጣ?» አለኝ።

«ለዓይን ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ በዚህ የሚሞላ ዓይን ካለሽ እኔም ላየው እፈልጋለሁ» አለና ሠራልኝ።

ሠራም ደግሞ። ሰፊው ጫፍ የዓይኑ ዙሪያ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ጠርሙሱ በጠባቡ ጫፍ ተዘቅዝቆ ይቆማል፣ ጠብታዋ መሃል ላይ ትወድቃለች። ጣቱም ዓይኑን አይነካም። አራት ቀን ተጠቀመበት። በአምስተኛው ቀን የፊት ለፊቱ ጋሼ ከሱቃቸው ሆነው «ዓይንህ ላይ ቧንቧ አስገባህ? ቆጣሪውስ የታል?» ብለው ጮኹ። ተራው በሙሉ ሳቀ። በማግስቱ የኔ ዕቃ ጆንያ ሥር ተጨፍልቃ ተገኘች።

«ሳላያት ጫንኩባት» አለኝ። ልጣላው አልቻልኩም፤ እውነቱን ሊሆን ይችላላ።

የጾሙን ጉድ የሰማሁት ግን ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ነው። ሐኪሟ ግፊቱን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። አልወረደም። «አባባ፣ ጠብታውን በትክክል ያደርጋሉ?»

«አደርጋለሁ። በጾም ቀን ጠዋት ጠዋቱን ትቼዋለሁ እንጂ።»

«ለምን?»

«ጉሮሮዬን ይመረኛላ! ሳላስቀድስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሚመር ነገር ልውጥ?»

ዐቢይ ጾም ገና መፈታቱ ነበር። ሁለት ወር ያህል የጠዋቱ ጠብታ የለም ማለት ነው። ያው አንዱ ምሬት በፍስክ ቀን ማስረጃ፣ በጾም ቀን ኃጢአት ሆኖ ከርሟል፤ አጠገቡ የምኖረው እኔ አላወቅሁም።

«እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» አለችና ባዶ ጠርሙስ ሰጠችው። አባቴ ኮራ ብሎ ጀመረ። ሐኪሟ ለማየት ጠጋ አለች፣ አስነጠሳት። ይቅርታ ብላ እንደገና ጠጋ አለች፣ እንደገና አስነጠሳት። በሦስተኛው ቀና ብላ የአባቴን ኮት አየች።

«አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«በርበሬ።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጋላት። የጥፍሮቹ ሥር እንደ ሁልጊዜው ቀይ ነበር። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስላየሁት ቀለሙ የራሱ የጣቱ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሟ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አላወቅሁም።

«አባባ፣ ሲያቃጥልዎት የከረመው በርበሬው ነው። ዓይንዎ በእንባ መድኃኒቱን እያጠበ ሲያወጣው ነው የኖረው።»

ከዚያ በወረቀት ላይ ዓይን ሥላ አስረዳችን። ዓይን የሚይዘው ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉንጭ ለማርጠብ ካልሆነ ጥቅም የለውም። የገባውንም ቢሆን ማርገብገብ እየገፋ፣ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ በምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ጉሮሮ ይልከዋል። «ጉሮሮዎን ሲመርዎት ገባ ማለት አይደለም» አለች። «ወጣ ማለት ነው።» ስለዚህ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከዚያ ሳያርገበግቡ ዓይንን ጨፍኖ፣ ያቺን ጥግ በንጹሕ ጣት ሁለት ደቂቃ ጫን ማድረግ። «ጉሮሮዎንም አይመርዎትም። ለጾምዎም ይሻላል።»

አባቴ ሥዕሉን አገላብጦ አየው። «ሌላ መላ የለውም? በየቀኑ ከዚህ ጣጣ የሚያወጣ?»

እዚህ ላይ ሐኪሟ አንድ ስህተት ሠራች፤ እውነቱን ነገረችው። በሌላ አገር ዓይን ውስጥ ተቀምጣ መድኃኒቱን ለወራት ቀስ እያለች የምትለቅ፣ ትንሽ ፍሬ የምታህል ነገር መኖሯን፣ እኛ ጋ ግን ገና አለመድረሷን።

«እሷ እስክትመጣ ብንጠብቅስ?» አለ አባቴ።

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን፣ ዓይን የማይቆጠቁጠውን፣ በትንንሽ ብልቃጥ የሚመጣውን ጠብታ ያዘዘችለት ያን ቀን ነው። በቀን አንዴ፣ ማታ፣ በኔ እጅ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ኑ፤ ግፊቱ ካልወረደ ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን አለች። «የቀረችኝን አንዷን?» አለ አባቴ። ድምፁ ያኔ ብቻ ነው ያነሰው።

ብልቃጦቹን ለማግኘት ስድስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ። ሰባተኛው ጋ ነበር። የመጀመሪያውን ማታ አልጋው ላይ አጋድሜው፣ ጠብ አድርጌ፣ ጥጉን ጫን አድርጌ ያዝኩለት። ማቃጠሉን ጠበቀ።

«መቼ ነው የምታደርጊው?» አለኝ።

«አድርጌዋለሁ እኮ!»

ተቀየመ። እውነት እንደ ተሰደበ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሁለት ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ መተኛት እንዴት ረጅም እንደሆነ የማያውቅ፣ አፍታ የማያርፈውን አባቴን በርበሬ ሲሸጥ ይየው። እንዳይነሳብኝ ግጥም ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ደቂቃ የምትሞላ አንዲት ግጥሜን በስልኬ ለክቼ መረጥኩ፤ ሃያ አራት መስመር ናት፣ በዝግታ ስትነበብ። የኔን ግጥም ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም ነበር። ለተከታታይ አሥራ አራት ቀን ሰማት። በአምስተኛው ቀን «ይቺ ዝናብ የምትይባት አትቀርም?» አለኝ። በዘጠነኛው ቀን አንድ መስመር ዘልዬ ስሄድ ያዘኝ፤ «አታጭበርብሪ፣ ጎደለ!» ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት መሸሽ ጀመረ። እኔ ሳልገባ ይተኛል፤ ደክሞኛል፣ ነገ፣ ይላል። ከኪሴ ስልኬን ሳወጣ ጫማውን ይፈልጋል። ትናንት ማታ ጨርሶ እምቢ አለ። ዛሬ ሳጥኑን ይዞ ወጣ። ቀጠሮው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው።

እና አሁን ባንኮኒው ኋላ ቆሞ አራተኛዋን ብልቃጥ አነሳ።

«ለጎን ሱቋ እትዬም ላስቀምሳት» አለ። «እሷ ደግሞ የተመረጠ ምላስ ነው ያላት። ሦስት ሰው ከመሰከረ በኋላ ምን ትይኛለሽ?» አንገቷን ጠመዘዛት። ቀጭ ብላ ተከፈተች።

እጁን ያዝኩት።

«ሦስት አይደለም ሦስት መቶ ሰው ቢቀምሰው የግራ ዓይንህን አይመልስልህም!» አልኩ። ድምፄ ከሱቁ አልፎ ሄደ። «ግራው አያይም! ቀኙም እየተከተለው ነው! ነገ ግፊቱ ካልወረደ ሐኪሟ ያችኑ ልትቀድህ ነው፣ አንተ መድኃኒትህን ለሰፈር ታስቀምሳለህ!»

ከተናገርኩት በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። የፊት ለፊቱ ጋሼ ከባንኮኒው አንድ ክንድ ርቀው ቆመዋል። አባቴ እሳቸውን አላየም፤ እኔንም አላየም። በተያዘው እጁ ብልቃጧን እንዳይደፋት አጥብቆ ይዟታል።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

እጁን ለቀቅሁት። ለበርበሬ ተራ ሰው ትንፍሽ አልልም ብዬ የማልኩት በዚሁ ምላሴ ነበር።

ጋሼ ጆንያ ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔ ምን አዲስ ነገር ሰማሁ ብለህ ነው እንዲህ የምትሆነው?» አሉት።

አባቴ የብልቃጧን አንገት በጣቱ አሻሸ።

«ጠዋት ጠዋት ከአብነት አብረን ስንመጣ በየትኛው ጎንህ ነው የምሄደው?»

አባቴ ወደ ግራ ትከሻው ዞር አለ።

«በግራህ! ዓመት ሙሉ! በርበሬ ተራ ውስጥ ያለ ጆንያ በሙሉ እኔን ነው የሚገጨኝ። ትከሻዬን ላሳይህ?»

«እና ለምን አልነገርከኝም?» አለ አባቴ።

«አንተስ መች ነገርከኝ?»

ንዴቴ መሄጃ ስላጣ ወደሳቸው ዞረ። «ይህን እያወቁ ነው ታዲያ መድኃኒቱን የቀመሱት?»

«ሠላሳ ዓመት ስንተዋወቅ በነፃ የሰጠኝ የመጀመሪያው ነገር ነው» አሉ። «እንዴት እምቢ ልበል?»

አባቴ አልሳቀም። ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ፣ በቀኝ ዓይኑ ፊት ለፊት፣ በጣም አጠገብ አድርጎ አያት።

«ካላቃጠለ» አለ፣ አሁን ጩኸት በሌለው ድምፅ፣ «መግባቱን በምን አውቃለሁ?»

ስንት ጊዜ ስንጨቃጨቅ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ሐኪሟ የሣለችውን ላስታውሰው አሰብኩ፣ ስለ ጉሮሮው፣ ስለ ቀዳዳዋ። ሁሉም ሰለቸኝ።

«አታውቅም» አልኩት። «እኔ ነኝ የማውቀው። ስትገባ አያታለሁ።»

ከዚያ ብልቃጧን ሰጠኝና በራሱ ጊዜ ጆንያዎቹ ላይ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ተጋደመ። ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቼ እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጠብኩ። ቀና ብዬ ሳየው ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣሪያውን ያያል።

«ወደ ላይ እይ። ወደኔ አይደለም፣ ወደ ላይ።»

«የት ላይ ነው ላይ?»

«አምፖሉን።»

የእጄን ጀርባ ግንባሩ ላይ አሳርፌ የታችኛውን ቆብ ሳብ አደረግሁ። ጠብታዋ ወረደች፤ ቀዩ ሥጋ ላይ ለአንዲት ቅጽበት ክብ ሆና ቆማ ተዘረጋች። አየኋት።

«ገባች» አልኩት። «ጨፍን። አታርገብግብ።» ጥጉን በጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኩ።

«ያቺን ግጥም ጀምሪያታ» አለ እየተማረረ። «ካልጀመርሽ አታልቅም።»

ጀመርኩ። ውጭ ተራው የመዝጊያ ሰዓቱን መጥረግ ጀምሯል። በዚህ ሰዓት ሁሉም ሱቅ የቀኑን ትርፍራፊ ወደ መንገዱ ሲጠርግ ቀይ አቧራ ይነሳል፤ ከዳር እስከ ዳር ማስነጠስ ይሰማል። ወደ በሩ ዞሬ ዓይኔ አቧራው ላይ እያለ አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ደረስኩ። ያኔ ነው አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ አፍንጫቸውን ሸፍነው የገቡት።

«እንደምን ዋላችሁ? ለሠርግ ነበር፤ ደህና ዛላ አላችሁ? በርከት ያለ።»

የአባቴ ትከሻ ከጆንያው ተነሳ። በሌላው እጄ ደረቱን ተጫንኩት።

«ዓይንህን እንዳትከፍት!»

«ለሠርግ ነው እያለች ነው እኮ!»

«ገና ግማሽ ነኝ!»

«ቀሪውን ነገ ታነቢልኛለሽ!»

«አባዬ!»

ሴትዮዋ የተጋደመውን አባቴን፣ ዓይኑ ላይ ያለውን ጣቴን አይተው ደነገጡ። «ምነው፣ ሰው ታመመባችሁ?»

የፊት ለፊቱ ጋሼ ከጆንያቸው ተነሱ። ሱሪያቸውን አራገፉ። ያ የሠላሳ ዓመት የደንበኛ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ሲዘረጋ አየሁ፤ እኔ የማውቀው ሃያ ሦስቱን ነው፣ የቀረውን አባቴ ያውቀዋል።

«አልታመሙም እትዬ» አሉ። «ባለሱቁ ግጥም እየሰሙ ነው። ብዙ ነው የሚቆዩት። ኑ፣ ዛላ ከኔ ጋ አለ፤ ፊት ለፊት ነው።»

«አንተ!» አለ አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ። «አንተ ሰውዬ!»

«አትናገር፣ ፊትህ ሲንቀሳቀስ መድኃኒቱ ይወጣል!» አልኩት።

ጥርሱን ነክሶ በጥርሱ መሃል ተናገረ። «ይዟት ሊሄድ ነው አይደል?»

«ሊሄድ ነው።»

«ስንት መስመር ቀረሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«ቶሎ በያ!»

«ቶሎ አይባልም። ሁለት ደቂቃ ነው።»

የጨፈነው የዓይኑ ቆብ ተንቀጠቀጠ። እጆቹ ኮፍያውን አጣመሙት። አልከፈተም። አሥራ አራተኛውን መስመር፣ ትቅር ያላትን የዝናቧን፣ ከነዝናቧ አነበብኩለት።

ጋሼ ሴትዮዋን አስቀድመው ወጡ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ወደ መንገዱ አቧራ አዩ፣ ወደ አባቴ ዓይን አዩ። አስነጠሳቸው፣ ወጡ፣ የላሜራውን በር በስተኋላቸው ጎትተው ዘጉት።